አውድማ ላይ «ስንት» አይባልም

የሕዝብ እንደራሴያችን ከአዲስ አበባ በመጡ ቁጥር ጎንደር የሚያርፉት ከደብሩ ቅጥር ጀርባ ባለው በእናታቸው ቤት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ያስቆጠረኝ አጎቴ ነው፤ የደብዳቤ አጻጻፉን ደግሞ የተጣሉ ወረቀቶችን እየገለበጥኩ ተማርኩት። አንድ ቀን እንደራሴው ከማመልከቻዎቼ አንዱን አዩና «ይህን የጻፈው ማነው? ቀኑም ቦታውም ምስክሩም ሳይጎድል ተጽፏል» ብለው አስጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት በሚሰነብቱበት ጊዜ ሁሉ ጸሐፊያቸው ሆንኩ።

ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ምክር ቤት ውስጥ ግን «ይሁን» የሚሉ ብዙዎችና «አይሆንም» የሚሉ ጥቂቶች ነበሩ፤ ጥቂቶቹም ሁልጊዜ እነዚያው ነበሩ። እሳቸው ከጥቂቶቹ ነበሩ። ይህን ሲያወሩ አያፍሩበትም፣ አይኮሩበትምም። «እጅ ሲወጣ ዞር ብዬ መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ እነማን እንደሆንን አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት በገና ማግስት ስሄድ ግን ተከፍተው አገኘኋቸው። ገበሬው ባመረተው እህል ልክ ግብር እንዲከፍል የሚያዝ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። ገማቾች በመኸር እየዞሩ የያንዳንዱን ሰው ምርት አውድማው ላይ ይገምታሉ ይላል። እሳቸው ተነሥተው «ይህ በእኛ አገር አይሆንም» ቢሉ፣ አንዱ አባል «ማስረጃዎ የት አለ? ወይስ እንደ ደብተራ በቃልዎ ሊያዜሙልን ነው?» አላቸውና አዳራሹ ሳቀ። ድምፅ የሚሰጠው ከጥምቀት በኋላ ነው።

«የአንድ ገበሬ እውነተኛ ቁጥር ይዤ ልቅረብ» አሉኝ። «ስንት እንዳመረተ፣ ለዘር ስንት እንደሚያስቀር፣ ለቤቱ ስንት እንደሚተርፈው። ከዚያ ወዲያ ይሳቁ።»

ሥራው ለእኔ የታዘዘ መሰለኝ። አዲስ ደብተር ገዝቼ ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈልኩት።

በማኪና ድብ ባሕር ደረስን፤ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ልናያቸው የሄድነው ሽማግሌ፣ እንደራሴውን ለማስመረጥ ሦስት ደብር በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው። ስንደርስ ጤፍ እያበራዩ ነበር። ታናሹ ልጃቸው አራት በሬ ይነዳል፤ ታላቁ በመንሽ ያገላብጣል።

እንደራሴው አውድማው ዳር ጫማቸውን አውልቀው «ይበርክት!» አሉ።

«አሜን! እንዴ፣ አንተ ነህ? ምነው እንዲህ ከሳህ? አዲስ አበባ እህል የለም?»

«አለ አያ። ሆድ ነው እሺ ያላለው።»

«እዚህ ሳለህ ማንንም ትረታ ነበር። እዚያ ያሉት ምን ቢሆኑ ነው የሚረቱህ?»

«ብዙ ናቸው አያ።»

«ገለባም እኮ ብዙ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ልጆቻቸው ሳቁ።

ሁለቱ ወግ ሲይዙ እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ አውድማ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ ጥግ ላይ ወደተሰበሰበው እህል ጠጋ አልኩና ደብተሬን ገልጬ ታላቁን ልጅ «ይህ ስንት ቁና ይወጣዋል?» አልኩት። ዝም አለኝ። ያልሰማ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በእርሳሴ እየጠቆምኩ፣ «ስንት? ሃያ ይሆናል? ሠላሳ?» አልኩ።

ታናሹ በሬዎቹን አቆመ። ታላቁ መንሹን ጣለ። ሽማግሌው ወሬያቸውን አቋርጠው ወደኔ መጡ።

«ማነው ይሄ?»

«ጸሐፊዬ ነው አያ። የከተማ ልጅ ነው፣ አያውቅም።»

«አውድማዬ ላይ ቆሞ ስንት ይለኛል? እግዜር ገና ሰጥቶ ሳይጨርስ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እህል አውድማ ላይ ሳለ አይቆጠርም፤ ስንት ነው ተብሎም አይጠየቅም። ከተጠየቀ በረከቱ ይነሣል። ባለቤቱ ራሱ ጎተራ እስኪያገባው ድረስ በልቡ እንኳ አይገምትም።

ሽማግሌው በሬዎቹን አስፈቱ። ቄስ መጥቶ ጠበል እስኪረጭ ድረስ ሥራ የለም አሉ። እኔ የምሆነው ቢጠፋኝ፣ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ፊታቸው ጎንበስ አልኩ።

ቁልቁል አዩኝ። «አውርደው። ደግሞ እሱን ስንት ይመዝናል ልትል ነው?»

ይቅርታው ይኸው ነበር። አውድማው ግን ያን ቀን አልተሠራበትም።

ስንመለስ «ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ» አልኳቸው። «በእኔ የተነሣ ባዶ ደብተር ይዘው ሊገቡ ነው።»

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ይስቁ ጀመር።

«ማስረጃ አምጣ አይደል ያሉኝ? ይኸው እኮ! የመረጡኝ ሰው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ የእኔ ሰው አንዲት ቃል ቢጠይቅ በሬ ፈቱ። የማያውቁት ገማች ወረቀት ይዞ ሲመጣስ? በል ጻፈው፤ እንደሆነው አድርገህ። ጫማህን አለማውለቅህን ጭምር።»

እስከዚያ ቀን የጻፍኩት የሰው በደል ብቻ ነበር። ጽፌ ሳነብላቸው «ሁለት ጊዜ አልነበረም የጠየቅኸው?» አሉኝ። ሁለተኛውን፣ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበትን፣ ትቼው ነበር። አስገባሁት።

ደብዳቤያቸው የመጣው የካቲት ላይ ነው። ወረቀቴን ምክር ቤት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። ሕጉ ግን አልፏል፤ «አይሆንም» ብለው እጃቸውን ያወጡት እነዚያው ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል፦ ገማቾች እህሉ ጎተራ እስኪገባ ድረስ አውድማ አይረግጡም። «እኔ እስከ ሰኔ መምጣት አልችልም። ሄደህ ለአያ አንብብላቸው፤ መሸነፌን አትሸሽግ» ይላል።

ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

«እንግዲህ አውድማዬ አይገቡም።»

«አይገቡም አያ።»

«ጎተራዬን ግን ያዩታል።»

«ያዩታል።»

«ታዲያ እኛ እሱን የላክነው አውድማውን ብቻ ሊጠብቅልን ነው?»

«እጅ ሲወጣ ጥቂት ነበሩ» ብቻ አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ጎተራቸው ዞሩ። «እርሳስ አለህ?» አሉኝ። «ጻፍ። ለአውድማው እግዜር ይስጥህ። ስለ ጎተራው ግን ራስህ መጥተህ ተናገር።»

ጽፌ አነበብኩላቸው። «ሸጋ» አሉ። ቃሉን ሳላለሳልስ፣ እንዳሉት አድርጌ ላክሁት።

በሰኔ መጨረሻ እንደራሴው ከአዲስ አበባው ማኪና ሲወርዱ ጠበቅኋቸው። ዝናብ ይጥላል። ሻንጣቸውን ወደ እናታቸው ቤት ላኩና ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ ማኪና መኖሩን ጠየቁ። እኔም ደብተሬን ይዤ ልከተል ስል እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ።

«አንተ ቅር» አሉኝ። «ይህ በጸሐፊ የሚመለስ አይደለም።»