በደከመ ባትሪ የተቃኘው ቤዝ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የጎባው የኪነት ቡድን የሚለማመድበት አዳራሽ በር ላይ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ አራገፍኩና ገባሁ። የቡድኑ መሪና ኪቦርድ ተጫዋች ታፈሰ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ድምፅሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት። አንድ ስንኝ እንኳ ሳያዘፍነኝ ተቀባይ አደረገኝና ከሦስት ሴቶች ጎን አቆመኝ። ተቀባይ ማለት ዘፋኙ ያለውን ተከትሎ የሚል፣ ወገቡን የሚያወዛውዝ፣ ዕቃ ሲጫን ደግሞ ገመድ የሚጠቀልል ሰው ነው።

ታፈሰን ያን ጊዜ እርስዎ እለው ነበር። ዛሬም ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።

ገመድ መጠቅለል ሙያ ነው። ክንድ ላይ ጠበቅ አድርገው የጠቀለሉት ገመድ ውስጡ ይበጠስና መድረክ ላይ ያሳፍራል። ገመዱ በራሱ ክብ እንዲሄድ ለቀቅ እያደረጉ ነው የሚያዞሩት። ይህን በአንድ ሳምንት ተማርኩ። እየጠቀለልኩም የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ጣቶች አያለሁ። አራት ክር ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ሲጫወት እኔ በልቤ እከተለዋለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቤዝ ተጫዋቹ ለዘመድ ሰርግ ብሎ አዲስ አበባ ሄደና በዚያው ቀረ። ታፈሰ ሁለት ወር ሙሉ ወንድ ፈለገ። ከሮቤ አንድ መምህር መጥቶ ነበር፤ ጣቱ ሲቆስል ተመለሰ። በመጨረሻ እኔ እችላለሁ አልኩ። ታፈሰ፣ ሴት ቤዝ ስትይዝ አይቼ አላውቅም አለ። ዘፋኛችንና ሊድ ጊታር ተጫዋቻችን ጀማል ነው። ቀን ቀን ሮቤ ልብስ ይሰፋል። «እኔም አላየሁም» አለ፤ «እስቲ እንይ።»

አዩ። ቤዙ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሆነ።

ታፈሰ ስለ ቤዝ የሰጠኝ ትምህርት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ቤዝ መሬት ነው፤ መሬት አይዘፍንም።» ከዚህ ሌላ አንድም ነገር አላስተማረኝም። አንባቢ ይህን ያዝልኝ። ሁለት ዓመት መሬት ሆኜ ኖርኩ።

በዚያው ዘመን ከጎባ በላይ ባለው የሳኔቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚቆጥር አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ፒተር ይባላል። ስንቅ ለመሸመት ጎባ ሲወርድ ልምምዳችንን ቁጭ ብሎ ይሰማል። አገሩ ሲመለስ የካሴት ማጫወቻውንና አንድ ካሴት ለጀማል ሰጠው። የካሴቱ ወረቀት በሳኔቲ ዝናብ ርሶ ቀለሙ ተዋህዷል። የባንዱን ስም ማንበብ አልተቻለም። ፒተር ስማቸውን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን አፋችን ላይ አልያዝነውም። እንግሊዞቹ እያልን ቀረን።

ታሪካቸውን ግን በደንብ ነግሮናል፤ ጀማል በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው እያስተረጎመ። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉበት፣ ዝናብ ከማያባራበት ከተማ የወጡ አራት ወጣቶች ናቸው። ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጓሮ ይለማመዱ ነበር። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሲገፏቸው ሙዚቃቸውን ራሳቸው አሳተሙ። ሽፋኑን በእጃቸው እየለጠፉ አዳራሽ በር ላይ ሸጡ። መድረክ የሚወጡት ገበያ በሚሄዱበት ልብስ ነው። አንዱ ከሌላው ፊት አይቆምም። የሚዘፍኑትም ስለ አውቶቡስ ፌርማታ፣ ስለ ዝናብ፣ በቀጠሮዋ ስላልመጣች ልጅ ነው። አራት ካሴት አውጥተው፣ ማን የትኛውን ሠራ በሚል ተጣልተው ተበተኑ። መጨረሻውን ሲነግረን ሳቅን። እኛን የማይነካን መስሎን ነው።

ካሴቱን መጀመሪያ የሰማነው በጀማል የልብስ ስፌት ቤት ነው። ኪቦርድ የለውም። ሊድ ጊታሩ ነጠላ ነጠላ ይወርዳል፤ ከቆርቆሮ ጫፍ እንደሚንጠባጠብ ውሃ። ዘፋኙ አይጮህም፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። ዜማውን የያዘው ቤዙ ነበር። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ዘፋኙ ሲተነፍስ ቦታውን ይወስዳል። ጀማል መቀሱን እንደያዘ ቀረ። እኔ ደግሞ መሬት ሲዘፍን ሰማሁ።

ማጫወቻው ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩ ሲደክም እንደ ማንኛውም የባሌ ሰው ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። የጀማል ሚስት ሰፌድ ላይ ደርድራ ከበርበሬው ጎን ታኖረዋለች። ጎባ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩም ብዙ አያግዝም። እንደምንም ሞቅ ያለው ድንጋይ አንድ ሰዓት ይሠራል። በዚያች አንድ ሰዓት ዘፈኖቹን ክር በክር ለቀምን።

አንድ ችግር ገጠመኝ። ካሴቱ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ በእኔ ቤዝ ላይ የለም። ከወፍራሙ ክር በታች ይወርዳል። ክሩን አላላሁት። አሁንም አላላሁት። ግማሽ ድምፅ ያህል ሲወርድ ተገኘ። ሌሎቹን ሦስቱንም ወደሱ አወረድኳቸው። ጀማልም ጊታሩን በእኔ ቃኘ። ከዚያ በኋላ ቅኝታችን ይህ ሆነ፤ አልተነካም።

ታፈሰ ተቆጣ። አሮጌው ኪቦርዱ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ የለውም። በእኛ ቅኝት ለመጫወት የሚሸሻቸውን ጥቁር ቁልፎች ሁሉ መንካት ነበረበት። ጊታራችሁን አስተካክሉ አለን። ካሴቱ የሚለው እንዲህ ነው አልነው። ስለዚህ በእነዚያ ዘፈኖች ላይ ፊቱን አጥቁሮ ታምቡሪን፣ ጠርዙ ላይ ቆርቆሮ የሚያንሿሿውን ትንሽ ከበሮ፣ ይመታ ነበር። የእንግሊዞቹን ስልት መያዛችን ለታፈሰ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ለመሪው ታምቡሪን ደረሰው።

በዚህ ስልት የራሳችንን ዘፈን ሠራን። «ጉም» አልነው። ግጥሙን ጀማል ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጻፈው። ደሎ መና እጮኛውን ሊያይ የሚወርድ ሰው ሳኔቲ ላይ ጉም መንገዱን ይደብቅበታል። ሌላ ነገር የለውም። የቤዙን ዜማ እኔ ሠራሁት።

ስንዴ ከተሰበሰበ በኋላ ገሰራ ላይ የአንድ ሀብታም ገበሬ ልጅ ሰርግ ተጠራን። «ጉም»ን ስንጀምር የሙሽራው አባት ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ይህ ለሰርግ ነው ወይስ ለመርዶ?» አሉን። እውነትም ዝግ ይላል። ታፈሰ ታምቡሪኑን አስቀምጦ፣ ብያችሁ አልነበር በሚል ዓይን አየኝ። እጄን ከክሩ ላይ ላነሳ ስል የሙሽራው ፈረሰኞች በበሩ ገቡ።

ፈረሶቹ በሶምሶማ ሳይሆን በእርምጃ ነበር የገቡት። ኮቴያቸው ከድራሙ ምት ጋር እኩል ወደቀ። ማንም አላሠለጠናቸውም። መጀመሪያ ያዩት ሴቶቹ ናቸው፤ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ፈረሰኞቹ ራሳቸው ነቁበትና አንገታቸውን ከፈረሱ ጋር ማወዛወዝ ጀመሩ። ሐጂ ቆመው ትንሽ አዩና፣ «ፈረሱ ከወደደው እኔን ምን አገባኝ?» ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን «ጉም»ን አምስት ጊዜ አስደገሙን።

ከዚያ በኋላ ከዲንሾ እስከ ጎሮ ያለ ፈረሰኛ ያለበት ሰርግ ሁሉ የእኛ ነበር። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም። የአበባ ሸሚዙን ትተን እንደ እንግሊዞቹ በሥራ ልብሳችን መጫወት ጀመርን፤ ጀማል መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ መድረክ የወጣበት ቀን አለ። አንድ ካሴት በራሳችን ቀድተን ገበያ ለገበያ አዞርን። በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን የሳቅኩበት የለም። ይህን መደበቅ አልችልም፤ ታፈሰም ቢሆን እዚያው ውስጥ ነበረ።

ኋላ ሰርገኛው ሁሉ ከድምፅ ማጉያ የሚያጫውት ሰው መጥራት ጀመረ። ታፈሰ አዲስ አበባ ገባ። ጀማል ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እኔ ሮቤ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ እስከ ጡረታዬ ድረስ ፋይል ሳወጣ ሳስገባ ኖርኩ። ቤዙ አልጋ ሥር ነበር። ቅኝቱን አልቀየርኩትም።

አምና ታፈሰ በሬዲዮ ተናገረ። ወጥ እየሠራሁ ሰማሁት። እሱ እንደሚለው፣ እንግሊዞቹን አዲስ አበባ ሳለ ከሸክላ ላይ ሰምቶ ስልቱን ወደ ባሌ ያመጣው እሱ ነው። ቤዙንም እንዲዘፍን ያደረገው እሱ ነው። «ልጅቱን ክር በክር ነው ያስተማርኳት» አለ። ስሜን አልጠራም። ወጡ አረረ።

ወዲያው ደግሞ የሮቤ ወጣቶች ያዘጋጁት የክብር ዝግጅት የጥሪ ካርድ መጣልኝ። «ለስልቱ ፈጣሪ ለአርቲስት ታፈሰ» ይላል በትልቁ። ታች፣ በትንሹ፣ የእኔ ስም፤ «ጥሩወርቅ፣ ተቀባይ»። ካርዱን አራት አጥፌ ከሚነቃነቀው ጠረጴዛዬ እግር ሥር አደረግኩት። ወፍራም ካርድ ነበር፤ ጠረጴዛው ተስተካከለ። ላለመሄድ ወሰንኩ።

በሳምንቱ ጀማልና ሴት ልጁ ሐያት መጡ። ሐያት ሮቤ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። አባቷ የሚያስታውሳቸውን ጥቂት የእንግሊዝኛ ስንኞች ስልኳ ላይ እየጻፈች ስትፈልግ ከርማ እንግሊዞቹን አግኝታቸዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

ዘፈኑ ያው ነው። ግን ይሮጣል። ድምፁም ወደ ላይ ወጥቷል፤ ዘፋኙ ልጅ ሆኗል። ጀማል እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና፣ «ምን አስቸኮላቸው?» አለ።

«አባ፣ እነሱ አልቸኮሉም» አለች ሐያት። «እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት።»

እኔና ጀማል ተያየን። በዓይኔ የመጣው ሰፌዱ ነው፤ በርበሬውና ስድስቱ ድንጋይ።

«ወላሂ፣ ያ ድንጋይ!» አለ ጀማል።

የደከመ ባትሪ ካሴቱን ጎትቶታል። ሲጎተት ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወርዳል። እኛ ደግሞ የሰማነውን አምነን ጊታራችንን አላልተን፣ በዚያው ዘግይተን፣ የባሌን ፈረስ ሁሉ አሰልፈንበታል። ጀማል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ጎኔን ይዤ ወንበር ፈለግኩ። ሐያት ውሃ ቀዳችልን።

ሳቁ ሲያልቅ አንድ ነገር ታየኝ። የሸክላ ማጫወቻ በመብራት ነው የሚሠራው፤ ባትሪ አይደክመውም። ታፈሰ እንዳለው ከሸክላ ሰምቶ አስተምሮኝ ቢሆን ኖሮ ቅኝቴ ትክክል ይሆን ነበር። የተሳሳተው ቅኝት ከዚያ ሰፌድ ሌላ መምጫ የለውም። ጎንበስ ብዬ ካርዱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት ነበር። ጠዋት ከጀማል ጋር ልምምዱ ላይ ገባሁና ኋላ ተቀመጥኩ። ታፈሰ ሙሉ ልብስ ለብሶ አዲስ ኪቦርድ ላይ ቆሟል። ወጣቶቹ «ጉም»ን ከአሮጌው ካሴታችን ነው ያጠኑት። ቤዝ የያዘችው ሴት ናት። ይህ ደስ አለኝ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ወፍራሙ ክር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህ የመጨረሻው ድምፅ የት ነው ያለው? አጣሁት።»

ታፈሰ የካሴቱ ብልሽት ነው፣ እለፊው አላት።

«ብልሽት አይደለም» አልኩ ከኋላ።

ዞሮ አየኝ። «እንግዲያ ምንድን ነው?»

«ጋሽ ታፈሰ፣ ክር በክር ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ይንገሯት።»

ታፈሰ ወደ ልጅቱ ሄዶ ቤዙን ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱን ክር በጣቱ ነካ። ሌላውን ነካ። ተመልሶ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፤ ለራሴ ላስቀረው።

ቤዙን ተቀበልኩና አራቱንም መቃኛ አላላሁ። ወፍራሙን ክር ስመታ ድምፁ ወለሉን ነካው። ልጅቱ አፏን ከፈተች። ድራም ላይ ላለው፣ «ዝግ በል፤ ፈረስ ነው የሚሄደው» አልኩት። ጀማል ጊታሩን ቃኝቶ አጠገቤ ቆመ። ታፈሰ እጁን ኪቦርዱ ላይ ሲያደርግ ጀማል ቀና አለ።

«ታፈሰ፣ እዚህ ውስጥ ኪቦርድ የለም። ታምቡሪንህ የት አለ?»

ወንበር የሚደረድሩት ሳይቀሩ ሳቁ። ታፈሰ ጥሎ ይወጣል ብዬ ነበር። እሱም ሳቀ፣ ኮቱን አወለቀና ታምቡሪን ይኖራችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ነበራቸው።

ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ፊት ሽልማቱን ሲሰጡት ማይክሮፎኑን ያዘ። «ቤዙን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም» አለ። «እንዴት እንደሚቃኝ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው። የሠራችው ጥሩወርቅ ናት።» ሰው አጨበጨበ። ከዚያ «ጉም»ን ተጫወትን። የገሰራ ሰዎች ነበሩበት መሰለኝ፤ መሀል ላይ አንገታቸውን እንደ ፈረሰኛ ማወዛወዝ ጀመሩ።

ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። ታምቡሪን ግን አሳምሮ ይመታል። ያኔም አውቅ ነበር፤ ነግሬው አላውቅም።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። ከመቃኘታችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ሳትቀይሩ ቀርታችሁ ስሕተቱ ካማረ ደግሞ፣ የማን ስሕተት እንደሆነ በዚያው ቀን ጻፉት። ይህኛው የእኔ ነው።