የሰው ሶፋ

ሶፋ ሲያድሱ ሚስማሩን በከንፈራቸው ይዘው ስለሚሠሩ ሰፈሩ «ጋሽ ሚስማር» ይላቸዋል። አፋቸው ሥራ ላይ ነውና ብዙም አያወሩም። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ የደንበኛ ሶፋ ላይ አይቀመጡም። አንድያ ልጃቸው በልጅነቷ ምቾቱ አሞኝቷት የሰው ሶፋ ላይ ዘፍ ብትል በጥፊ አጮሏት። ከዚያ ወዲያ እሷም እንደ አባቷ በርጩማ ላይ ሆና አጠናች፤ ተማረች፤ አለፈላት።

ዛሬ ባለ ትልቅ ቤት ናት። «ና አብረን እንኑር» ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። ሊጠይቋት ሲሄዱም ያን ሁሉ ሶፋ ትተው በርጩማ ይፈልጋሉ። ባሏ «ቤታችንን ንቀው ነው» እያለ ያኮርፋል። ምን ንቀት አለ! ወገባቸው እሺ አላላቸውም እንጂ።

በክረምቱ ሳል ያዛቸው። ልጅቱ ጨነቃት። አንድ ቀን ሹፌሯ ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋ ጭኖ መጣና «ልጅዎ ናት የላከችው» ብሎ አውርዶ እብስ አለ። «ለእርስዎ ነው» የምትለዋን ቃል ግን አፉ ውስጥ አስቀራት።

ጋሽ ሚስማር ሶፋውን ገልብጠው ሆዱን ፈተሹት። ምንም ብልሽት የለበትም። «ልጄ ያለ ነገር አትልከውም» አሉና የሽቦ ሞላውን በሙሉ በአዲስ ቀየሩት፤ ባሏ ወፍራም ነውና ጠበቅ አድርገው ወጠሩት። ሲጨርሱ በላስቲክ ሸፈኑት። የሚወስደው ሰው ግን አልመጣም። የሚኖሩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ለሶፋው ቦታ ሲሉ አልጋቸውን በረንዳ አውጥተው እሳቸው ሲሚንቶ ላይ መተኛት ጀመሩ። ሳሉ ባሰባቸው።

ልጅቱ መጥታ ያገኘቻቸው ሶፋው ሥር ተጠቅልለው ነው።

«አባዬ! ምነው ሶፋው ላይ አረፍ ብትል?»

«የሰው ዕቃ ላይ? ጨርሼልሻለሁ። ምኑ እንደተበላሸ ግን አላገኘሁትም።»

«ላንተ እኮ ነው የላክሁልህ!»

ሶፋውን ዞር ብለው አዩት።

«ለኔ?» አሉ።

ልጅቱ ላስቲኩን ቀደደች፤ ደግፋ አነሣቻቸው። የሱሪያቸውን መቀመጫ አራገፉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። በጣም ከስተዋል፤ ሞላው ንቅንቅ አላለም።

«ለባልሽ ክብደት ነበር የወጠርኩት» አሉ እንደማፈር ብለው። «ነገ ተነሥቼ አላላዋለሁ።»

ልጅቱ በርጩማዋን ስባ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች።