የልጇን ልክ በምን አወቀች?

ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የነበረው ለንባብ አልነበረም። ልጄን ወልጄ ገና አራስ ሳለሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁን ዙሪያውን ሰፍቼ፣ ራስጌዋ አስቀመጥሁት። ክፉ እንዳያያት፣ ስትተኛ እንዳትባንን ብዬ ነው። ከእሷ በፊት የወለድኋቸው ሁለት ልጆች ዓመት ሳይሞላቸው ስለሞቱብኝ፣ እንደ ሌላው እናት ልጅ አስተኝቶ ዞር ማለት አልሆነልኝም። ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ ካሳላት በሩን እዘጋለሁ፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ታፈነች ብዬ እከፍታለሁ።

እሷን ሳረግዝ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። ልጄ ካደገችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ አልሁ። በዓመቷ፣ በንግሡ ዕለት፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ አስገባሁ። ሴቶቹ እልል ሲሉልኝ ቆሜ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ስለቴን ከፍያለሁ፣ እንግዲህ ልጄ የእኔ ናት፣ ከእጄ የሚወስዳት የለም ብዬ በልቤ ደመደምሁ።

የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ስታልፍ ግን ስጋቱ ተመለሰብኝ። እኛ ቀበሌ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት የለም። መቀጠል የፈለገ ልጅ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። ቤተሰቡ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ በሶውንም ድርቆሹንም ያደርስለታል። የሌላ ሰው ልጅ ሲሄድ ግንባሩን ስሜ፣ ይቅናህ ብዬ የምሸኝ እኔ ነበርሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን መሸኘት አቃተኝ።

“ትሂድ እንጂ” አለ ባለቤቴ።

“ብትታመምስ?”

“ጤና ጣቢያው ከዚህ ይልቅ እዚያ ይቀርባታል።”

“ከሰል አንድደው ቤቱ ቢቃጠልስ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ገና ያልተከራየችውን ቤት ታቃጥያለሽ?”

ልጄ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ አልሳቅሁም። የምዝገባው ጊዜ እስኪያልፍ ዝም ብል በራሱ ይቀራል ብዬ አስቤ ነበር። እሷም ገብቷታል። አንድ ቀን ገብስ ስንለቅም ቀና ሳትል፣ “እማዬ፣ አትሂጂ ካልሽኝ እቀራለሁ። ቅሪ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ ልቅር አላልሁም” አለችኝ። ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ መጡ። አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ጥቅሉን አዩት።

“ይህ ምንድን ነው?”

“መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ አባ።”

“ታነቢዋለሽ?”

“ኧረ አባ! እኔ በምን እውቀቴ? ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት።”

“እና ትራስ አደረግሽው?”

“ይጠብቃታል ብዬ ነው።”

“መጠበቁንስ ይጠብቃል። ግን እንግዳ ጠርተሽ፣ ከቤት አስገብተሽ፣ አፉን ሰፍተሽ አስቀመጥሽው።”

አፈርሁ። የሆዴን ነገር ስነግራቸው ስፌቱን እንድፈታ አዘዙኝና ገጹን ፈልገው ክር አስገቡበት። “ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ስታለቅስ ካህኑ ሰክራለች ያላት ሴት አለች አይደል? እሷን አንብቢ። ቀስ ብለሽ፤ የሚያባርርሽ የለም” አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ፣ እጄን ታጥቤ፣ ብርሃን ባለበት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጀመርሁ። በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነበው፤ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ያቺን ሴት ጣውንቷ በመካንነቷ ታበሳጫት ነበር። እኔ ጣውንት የለኝም። ግን ልጆቼን ከቀበርሁ በኋላ ውኃ ልቀዳ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር፤ ያ ዝምታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እህል እምቢ ማለቷን፣ ድምፅ ሳታወጣ መጸለይዋን ሳነብ ሰው ስለ እኔ ለጎረቤት ሲያወራ በአጥር የሰማሁ ያህል ደነገጥሁ። ስትሳልም አብሬ ተሳልሁ። ልጇን ስታገኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው ይላል።

እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ ጃንጥላ ሰጥቼ ልጄን አስቀረሁ፤ እሷ ልጁን ራሱን ሰጠች። እግዚአብሔር ልጅሽን ገዳም አስገቢ እያለኝ ነው ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ ይህንኑ ነገርኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

“ገዳሙ መቼ ጠየቀሽ? አንብቢ ያልሁሽ እኮ እስከ መጨረሻው ነው። አንቺ ግማሹን አንብበሽ የቀረውን በፍርሃትሽ ሞላሽው።”

ተመልሼ ቀጠልሁ። ብዙም ሳልሄድ አንዲት ነገር አገኘሁ። ያቺ እናት ለልጇ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች በየዓመቱ ትወስድለት ነበር። ይኸው ነው፤ ጽሑፉ አልፎ ይሄዳል። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ዓመት ሙሉ ያላየችውን ልጅ ልኩን በምን አወቀች? የጎረቤት ልጅ ጠርታ ለክታ ይሆን? ያድጋል ብላ እጅጌውን አስረዝማ፣ መንገድ ላይ ደግሞ በጣም ረዘመ እንዴ እያለች ስንቴ ዘርግታ አይታው ይሆን? ባሏስ “ተይው፣ ይበቃዋል” ብሏት ይሆን? እንግዲህ እሷም ትፈራ ነበር አልሁ። መስጠቷ ማሰቧን አላስቀረላትም። ስጋቷን በእጇ እየሠራችው፣ ተሸክማ ትወስድለት ነበር።

የእግዚአብሔርን ታሪክ የነቢያትና የነገሥታት አድርጌ ነበር የማየው፤ እኔ ከቅጥር ውጭ ቆሜ የምሰማው። ንጉሥና ጦርነት በሞላበት መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት እናት ስፌት ተጽፎ ሳገኝ ግን፣ እኔንም የሚያስገባ በር እንዳለው ገባኝ። ጠባቂዋ እኔ ነኝ ብዬ ስንቱን ዓመት ደከምሁ! ለካ እግዚአብሔር በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጠብቃት፣ የእኔንም መባነን ችሎ ኖሯል። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ተመስገን አልሁ።

ለገበያ ብዬ የፈተልሁት የበግ ጸጉር ነበረኝ። ሹራብ መሥራት ደግሞ ተማሪ ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርሁት ነው፤ ከትምህርቴ ሳይጠፋ የቀረኝ እሱ ነው። ልጄን ጠራኋት።

“ነይ እስኪ፣ ትከሻሽን ልለካው።”

“ለምኑ?”

“መሐል ሜዳ ይበርዳል።”

እጆቿን እንደ ዘረጋች ቆማ ቀረች። ከዚያ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ባለቤቴ ከውጭ ገብቶ፣ “ደግሞ ምን ተቃጠለ?” አለ። በማግሥቱ ይዟት ሄዶ አስመዘገባት።

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሶውንና ሹራቡን ይዤ፣ ከገበያተኛው ጋር ሄድሁ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የተከራየችው ቤት በንጽሕና ተጠርጓል። ሹራቡን ስትለብሰው እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው።

“እትዬ፣ ይኸ እኮ ለሦስታችንም ይበቃል!” አለች አንደኛዋ ልጅ።

“ዝም በይ፣ ቀንተሽ ነው!” አለች ልጄ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፈችና፣ “አትፍቺው እማዬ፣ እደርስበታለሁ” አለችኝ።

አሁንም ፍርሃቴ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ስልክ ካላነሳች ደጋግሜ እደውላለሁ። ግን እያነበብሁ እፈራለሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም።

ያን ቀን ልጄ እስከ ከተማው ዳር ሸኘችኝ። በቃሽ ተመለሺ ብላት እምቢ አለች። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥማ፣ “ጉም ሳይወርድ ድረሺ፣ እሺ? ብቻሽን እንዳትሄጂ። ከሰው እንዳትለዪ። ወንዙን ስትሻገሪ ድንጋዩ ያዳልጣል። ስትደርሺ ደውዪልኝ” አለችኝ። ከአፏ የሚወጣው ሁሉ የእኔ ቃል ነው። እየሳቅሁ ግንባሯን ስሜ፣ ይቅናሽ ልጄ ብያት፣ ገበያተኞቹ ላይ ለመድረስ እርምጃዬን አፈጠንሁ።