ሾርባዋን አስቀምጣ የወጣችው ልጅ

ባለፈው የካቲት ከጄኔቭ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የተማርኩበት የትርጉም ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ጠባብ ቤት ሊያዛውር ነው። የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የወረቀት ቅጂ መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ ያልተወሰደው ይወገዳል። «ይወገዳል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ቅዳሜ ጠዋት ከዙሪክ ባቡር ተሳፈርኩ።

ጽሑፌን ያገኘሁት ምድር ቤት ውስጥ፣ ካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ በሁለት ወፍራም ጥናቶች መሀል ተጣብቆ ነው። ስመለስ ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲሄድ፣ ዳገቱ ላይ ያሉት የወይን ተክሎች ገና ቅጠል አልባ ቆመው ነበር። በሌላ ጊዜ ከመስኮቱ ዓይኔን አላነሳም። ያን ቀን ግን ሁለተኛውን ምዕራፍ ገለጥኩ። እዚያ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በሷ ምክንያት ምን እንዳጣሁ አውቃለሁ። ደግሜ አነበብኳት፤ አንድም ቃል ልለውጥባት አላሰኘኝም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከምርጫ 97 ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የአዲስ አበባ ትምህርቴን ጨርሼ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ነው ጄኔቭ የመጣሁት። ዓይን አፋር ነኝ። ዳቦ ቤት ገብቼ ሻጯ ያላዘዝኩትን ዳቦ ብትሰጠኝ፣ አመስግኜ ከፍዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። የምኖረው «ለ ሊኞን» በሚባለው ሰፈር፣ ከሮን ወንዝ በላይ እንደ ግድግዳ በተዘረጋው ረጅም ፎቅ ውስጥ፣ የእናቴ የአጎት ልጅ ከሆኑት ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው። እትዬ ዘውዴ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ ያበስላሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ምላሳቸው ከቢላቸው ይበልጥ የተሳለ ነበር።

የጥናቴ ርዕስ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ጋዜጠኛም ተርጓሚም፣ ከሁሉ በላይ ግን የኦፔሬታ ቃል ደራሲ። ኦፔሬታ ዘፈንና ቀልድ የተቀላቀሉበት የዚያ ዘመን የመድረክ ጨዋታ ነው፤ ዜማውን ሌላ ሰው ሲደርሰው ቃሉን ያበጅ የነበረው እሱ ነው። ጠዋት ለጋዜጣ ይጽፋል፣ ከሰዓት የፈረንሳይ አስቂኝ ተውኔት ወደ ጀርመንኛ ይመልሳል፣ በተረፈው ሰዓት ለዘፋኞች ቤት ይመታል። የትውልድ ከተማውን በአንድ ቦታ ቪየና፣ በሌላ ቦታ ሌላ እያለ ጽፏል። በአንድ ሚኒስትር ጢም ላይ ቀልዶ ጋዜጣው ተዘጋበት፤ ሸሽቶ ጄኔቭ ገባ፣ ከዚያም ዙሪክ። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ የዜማው ባለቤት ስም ከሩቅ ይነበባል፤ የሱን ስም ለማንበብ ግን አጎንብሶ መፈለግ ያስፈልጋል። ለዚህ ይሆናል የወደድኩት። እትዬ ዘውዴ «ሰውዬሽ» ይሉት ነበር።

«ሰውዬሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?»

«ሞቷል እኮ፣ እትዬ።»

«እሱስ ነፍሱን ይማረው። እንዲያው ሌላ በሕይወት ያለ አይገኝም ብዬ ነው።»

ከሥራዎቹ አንዱ በአንድ የሀበሻ ንጉሥ ግብር ላይ የሚቀልድ ኦፔሬታ ነው። ንጉሡ በተናገረ ቁጥር ሃያ አሳላፊዎች ሳህን ተሸክመው ይገቡና እስከ መሬት ጎንበስ ብለው «እምቢ! እምቢ! እምቢ!» እያሉ ይዘፍናሉ። ከግርጌው ደራሲው ማብራሪያ ጽፏል፦ በሀበሾች ቋንቋ «እንደ ትእዛዝዎ፣ ጌታዬ» ማለት ነው ይላል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ጸጥ ባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ከኔ በፊት ያጠኑት ሁሉ፣ ለጆሮ እንዲጥም ከራሱ የፈጠረው ድምፅ ነው ብለው አልፈውት ነበር። ከመካከላቸው አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ማስታወሻ ደብተሮቹ ወደተቀመጡበት ወደ ዙሪክ ሄድኩ። ከእርሳስ በቀር የማይገባበት ክፍል ነው። የእጅ ጽሑፉ የዱሮ የጀርመን አጣጣል ስለሆነ፣ በቀን አሥር ገጽ ካነበብኩ ትልቅ ነገር ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ ከጣቢያው በር ማሮኒ፣ ማለትም በከሰል የተጠበሰውን የዛፍ ፍሬ፣ እገዛለሁ፤ ግማሹ ለሆዴ፣ ግማሹ በኪሴ ውስጥ እጄን ለማሞቅ። በአራተኛው ቀን አንድ እሑድ የጻፈውን አገኘሁ።

ከሀበሻ አገር የተመለሰ አንድ የእጅ ባለሙያ ምሳ ጋብዞት ነበር። ሾርባ ይዛ የገባችው ልጅ ከዚያው አገር የመጣች ናት። ሰውዬዬ ኦፔሬታውን እያሰበ፣ በአገርሽ አሽከር ለጌታው ምን ብሎ ይመልሳል ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት። የቤቱ እመቤት፣ ተናገሪ እንጂ አለቻት። ያን ጊዜ ልጅቷ «እምቢ» አለች፤ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እሱም ለመዝፈን የሚመች፣ አጭርና ያማረ ቃል ነው ብሎ መዘገበው።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሰውዬው ቃሉን አልፈጠረውም፣ ሲሰማም አልተሳሳተም። ልጅቷ ለጥያቄው መልስ አልሰጠችውም። አልናገርም ነው ያለችው።

ጄኔቭ ስመለስ እትዬ ዘውዴ ድንች ይልጡ ነበር። ነገርኳቸው። ቢላውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እምቢ ብትለው እሺ ብላኛለች ብሎ ጻፈ?»

«አዎ። ሃያ ሰውም አዘፈነበት።»

«እሰይ፣ የኔ እናት! እኔንስ ስንቴ በእንግዳ ፊት አቁመው ‹እስቲ በቋንቋሽ አንድ ነገር በዪን› እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ፈገግ ብዬ፣ ‹ይኼ ጨው የለሽ ምግባችሁ ይነቃችሁ› እላቸዋለሁ። ያጨበጭባሉ። እመቤቲቱማ አንድ ቀን ድገሚው አለችኝ።»

«ደገሙት?»

«አሳምሬ!»

ምዕራፉን በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። «ይህ ስህተት ሳይሆን፣ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ሴት ያሰማችው እምቢታ ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ያኔ ነው የገባችው።

ግንቦት ላይ ጥናቴን የሚመሩት ፕሮፌሰር ጠሩኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

«ማድሞዋዜል፣ ሥራዎ ጥሩ ነው። ይህችን ብቻ ‹የቃል ስህተት› ብለው ያስተካክሏት። ልጅቷ ጥያቄው አልገባት ይሆናል። እሱም አጥርቶ አልሰማ ይሆናል። እምቢታ ነው ሲሉ ግን ጥናቱን ትተው ልብ ወለድ ውስጥ ገቡ።» ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ለመስከረም የረዳትነት ቦታ አለኝ። ስምዎን ላቀርብ አስቤያለሁ። ጥንቁቅ ሰው ነው የምፈልገው።»

ገባኝ። ቦታውን ካገኘሁ ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ጄኔቭ ያለ ሀበሻ ሁሉ ፔርሚ የሚለው የመኖሪያ ፈቃዴም ይታደሳል። ካላገኘሁ ሁለቱም ያበቃሉ። እንዳመሌ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እትዬ ዘውዴ ያግዙኛል ብዬ ነበር።

«አጥፊያት» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ እሰይ ያሉት?»

«እኔ የሳቅኩት ድንች እየላጥኩ ነው። ወረቀት ላይ አልሳቅኩም። ስሚኝ ምሕረት፤ ያቺ ልጅ ኖራ ሞታለች። ፔርሚ የሚያስፈልገው ላንቺ ነው።»

በማግሥቱ ከሰዓት መስኮቱን ከፍቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ታች ሜዳው ላይ ሣር ይታጨዳል። ዓረፍተ ነገሯን ሰርዤ በቦታዋ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ናት። ግን ሳያት ታላቅ ወንድሜ መጣብኝ። እሱም ጋዜጠኛ ነበር። ከምርጫው በኋላ አስረው፣ የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነው የሚል ወረቀት አቀረቡለት፤ ፈረመ። ቤታችን ውስጥ ማንም አልፈረደበትም፤ ሁለት ሕፃናት ነበሩት። ከዚያ ወዲያ ግን ከአስቤዛ ዝርዝር በቀር ሲጽፍ አላየሁትም። እኔን ደግሞ ማንም አላሰረኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። በጨዋ ድምፅ፣ ጥሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው የጠየቁኝ። ለዚህም ብዬ ከፈረምኩ፣ ለየትኛው ነው እንግዲህ የማልፈርመው? «ስህተት»ን አጠፋሁና ዓረፍተ ነገሯን መለስኳት።

ሰኔ ላይ ሦስት ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። ፕሮፌሰሩ ገጹን ገልጠው ጠበቁኝ።

«አላስተካከሉትም።»

«አላስተካከልኩትም።»

«ስህተት አለመሆኑን በምን ያውቃሉ? ማስረጃዎ ምንድነው?»

ያዘጋጀሁት ረጅም መልስ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የቀረኝን ተናገርኩ። «አማርኛ የሚናገር ሰው እሺንና እምቢን አያምታታም። ድክ ድክ የሚል ልጅ እንኳ ያውቃቸዋል። ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ዝም ያለች፣ በሦስተኛው እምቢ ብላ የወጣች ሴት ምን እንዳለች ታውቃለች። እኔ ቃሏም አለኝ፣ አወጣጧም አለኝ። ስህተት ነው የሚሉት ግን ምን አላቸው? አሽከር እምቢ አይልም ከሚል ሐሳብ በቀር ምንም።»

ከሦስቱ አንዷ አንድ ነገር ጻፉ። ፕሮፌሰሩ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

አለፍኩ፤ በዝቅተኛው የማለፊያ ነጥብ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እትዬ ዘውዴ ውጪ ከእረፍት ሰዓታቸው ቀንሰው ይጠብቁኝ ነበር። ስነግራቸው «ቂል ነሽ» አሉኝ። አውቶቡስ ውስጥ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ፤ ምን ስትያቸው ነው ወደ ሌላ ጥያቄ ያለፉት?»

ተመራቂ ሥራ እንዲፈልግ የሚሰጠው ስድስት ወር ሊያልቅ ሲል ክሎተን፣ የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ አንድ የጭነት ድርጅት ወደ አዲስ አበባ የሚልከውን ሰነድ የሚተረጉምለት ሰው ፈልጎ ቀጠረኝ። እዚያው ነኝ። የፓምፕና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ወረቀት እተረጉማለሁ። ምሁር አልሆንኩም። አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ መስከረም ላይ ተማሪዎች ባቡሩን ሲሞሉት፣ ቅር ይለኛል፤ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። ያም ሆኖ ያችን ቀን መልሰው ቢሰጡኝ፣ ያንኑ እላለሁ፤ እንዲያውም ጠረጴዛውን ሳልይዝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጊዜ ሲኖረኝ፣ ዙሪክ ውስጥ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች እያገላበጥኩ የልጅቷን ስም እፈልጋለሁ። ምሳ የጋበዘውን የእጅ ባለሙያ ስም፣ የሚስቱን፣ የልጆቻቸውን ሁሉ አግኝቻለሁ። የሷን ገና አላገኘሁም። ሰውዬዬ ቃሏን ወሰደ እንጂ ስሟን አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም ትነግረው እንደነበር እጠራጠራለሁ።