ከድር ሳይመለስ የዘጋሁት

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም፤ አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። በሰው ሥራ ላይ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁባት ደግሞ ከሚሴ ውስጥ አብሬያቸው ከሠራሁት ሰዎች ሁሉ አብልጬ የማደንቃት ዘይነባ ናት።

ለከብት ነጋዴዎች የስልክ መተግበሪያ የምንሠራ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ዘይነባና ከድር። በኮድ ማህደራችን ውስጥ እያንዳንዱ ለውጥ ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ አለው፤ ሀሽ እንለዋለን። በአሮጌው ስሌት ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት አሻራ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል ሲታወቅ፣ ወደ አዲስ ስሌት መሻገር ግድ ሆነ። የመሻገሪያውን ዕቅድ ያወጣችው ዘይነባ ናት። እንዴት ያለ ዕቅድ ነበር። አሮጌውና አዲሱ አሻራ ለጊዜው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በአንዱ የፈለግኸውን ለውጥ በሌላውም ታገኘዋለህ፤ ሁሉም ሰው ሥራውን አስገብቶ ሳይጨርስ አሮጌው አይዘጋም። ሳነበው ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም እቀናለሁ።

ከድር ያኔ ሰንበቴ ከተማ ነበር። ገበያው ውስጥ ከነጋዴዎቹ ጋር እየዋለ መተግበሪያው ላይ ያረመውን ሁሉ፣ ኔትወርክ ስለማያገኝ፣ በላፕቶፑ ይዞ ነው የሚመለሰው። ዘይነባ፣ "ከድር ሳይመለስ አሮጌውን እንዳትዘጋው፣ አደራ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን ለሥራ አስኪያጃችን ጨርሰናል ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበርና ዘጋሁት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ከድር ሲመለስ በአሮጌው አሻራ የተሠራው የሳምንታት ሥራው አልገባ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣ እኔ፣ እኔው ራሴ፣ ዕቅዱ ላይ ስሕተት ነበር አልኩ። ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ለእሷ ታስቦ የነበረው የቡድን መሪነት ለእኔ ተሰጠ።

እሷ ግን ከከድር ጋር ቁጭ ብላ ለውጦቹን አንድ በአንድ በአዲሱ አሻራ መልሳ ገነባቻቸው። አንዱም አልጠፋ። እንዲህ ያለ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። ሲያልቅ፣ "ወላሂ፣ እኔን ያሳሰበኝ የከድር ልፋት ነው" አለች እንጂ ስለ እኔ ትንፍሽ አላለችም። ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች።

ቸኩዬ ነው ልበል? ለመዝጋቱ በችኮላ ላሳብብ፤ ለውሸቱስ ምን አለኝ? አላህን ደጋግሜ ለምኛለሁ፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልተጠየቀ እንደማይወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በየቀኑ በባጃጅ በደጃፏ አልፋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላንኳኳሁም። ዘይነባ፣ ዕቅድሽ እንከን አልነበረውም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ይህንኑ፣ ውሸቴን በሰማው በሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ እስክናገር ድረስ አፉ በይኝ አልልሽም።