ድስት የደፋው ሮቦት

ጓንጉል መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ መሃል ላይ ግን ለጥቂት ቀናት ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሮቦት ሆኖ ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ነው። ያመነው ሰው የለም፤ ሮቦቱን ሆኜ ሠራሁበት በሚለው አስቂኝ ፊልም ላይ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም የሌላ ሰው ነው፣ ስሙንም የጻፈለት የለም።

እሱ ግን ማውራቱን አልተወም። የሮቦቱ ጭንቅላት ምናለሽ ተራ የተገዛ ድስት ነው፤ ደረቱ የዘይት ቆርቆሮ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያየውን የጠፈር መንኮራኩር ደግሞ ሁለት ዲሽ ፊት ለፊት ገጥመው ነው የሠሩት። ድስቱ የተበሳው አገጩ ሥር ብቻ ስለነበር፣ ምድርን ሊወርር የመጣው ጉደኛ የገዛ ጫማውን እያየ ነው የወረረው። ሻይ ቤት የተቀመጡት ተሸካሚ ጓደኞቹ ይህን በሰሙ ቁጥር፣ ዛሬስ ከየትኛው ፕላኔት ነው የመጣኸው እያሉ ይስቁበታል።

ሳቁንስ ይችለው ነበር። የከበደው የሻይ ቤቷ ባለቤት ሸዋርካብሽ ናት። ከፊት ለፊቷ ካለው ሱቅ ስኳር ሲያነሳላት፣ ኩንታሉን ጀርባው ላይ ከመቀበሉ በፊት የግራ ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። እሷም ከደጇ ሆና፣ ጉልበትህን አስፈቀድክ ወይ ትለዋለች። ይህን ለመስማት ሲል ስኳሯ ቶሎ እንዲያልቅ የሚመኝ ሰው ሆነ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሮ፣ ብንጋባስ አላት።

"አንድ ቀጣፊ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛ ቀጣፊ አላገባም" አለችው። "የሮቦቱ ነገር ውሸት ነበር በለኝና እናስብበታለን።"

ውሸት ነበር ማለት ምን ያቅታል? ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣ አለው። ከዚያ ወዲህ ሸዋርካብሽ ስለ ጉልበቱ መጠየቋን ተወች፤ ጓንጉልም ስኳሯን ማመላለሱን ቀጠለ።

በበዓል ሰሞን ፊልሙ በቴሌቪዥን መጣ። ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጓንጉል ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሮቦቱ የመንኮራኩሩን ሞተር በአንድ እጁ ብድግ እንዲያደርግ ታዘዘ። ሞተሩ ብርማ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነው፤ ሕፃን ያነሳዋል። ሮቦቱ ግን ለሞተሩ ጀርባውን ሰጠ፣ ጎንበስ አለ፣ የግራ ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገና የሚያሸክመው ሰው ይጠብቅ ጀመር። በቀረጻው ቀን "አንሳ" ሲሉት ሰውነቱ የለመደውን ነበር ያደረገው፤ ዳይሬክተሩም በሳቅ ፈርሶ እንዳለ ተወለት። ጓንጉል አፍሮበት ይህችን ብቻ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። ሸዋርካብሽ አልሳቀችም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ በሰው መሃል እየተጋፋች ወደ ጥጉ መጣች። ፊቷ ላይ ጸጸት አየ፤ ይቅርታ ማለት ግን ድሮም አይሆንላትም።

"ጉልበትህ እሺ ካለ" አለችው ቀስ ብላ፣ "ሽማግሌ ላክ።"

የጓንጉል እጅ ቀድሞት ወደ ግራ ጉልበቱ ሄደ።