የነርስ ሰዲቅ ባዶ ናሙናዎች

ሰዲቅ እጀ ለስላሳ ነርስ ነበር። ሸዋ ሮቢት ከተማ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ከቀወት ወረዳ መንደሮች ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች መርፌ ሲታዘዝላቸው «ሰዲቅ ይውጋልን» እያሉ ተራቸውን ለሌላ ይለቁ ነበር። ሰው ሲያመው ማየት አይሆንለትም። በዚህ ጠባዩ ሲመሰገን ኖሮ፣ ኋላ አንገቱን ያስደፋውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ጤና ጣቢያው የጉንፋን መሰል በሽታዎች ቅኝት ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ እንዲሆን ተመረጠ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ከሚመጡት መካከል በየሳምንቱ ከአምስት ሰው ናሙና ይወሰድና በበረዶ ሳጥን ታሽጎ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይላካል። የየጣቢያው ውጤት አንድ ላይ ሲታይ የትኛው ቫይረስ መቼ እንደሚበረታ፣ ወዴትም እንደሚዛመት ይታወቃል። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው። ስዋብ የሚባለው፣ ጫፉ ጥጥ የመሰለ ቀጭን እንጨት በአፍንጫ ገብቶ እስከ ጥጉ መዝለቅ፣ እዚያም ትንሽ መሽከርከር አለበት። ያስነጥሳል፣ እንባ ያስመጣል። ሰዲቅ ይህን ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ቀን ሠለጠነ። ያሠለጠነችው ማርታ የምትባል የላብራቶሪው ባለሙያ ነበረች።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሼህ አሊዪ እያሳሉ መጡ። ሰዲቅን በልጅነቱ ቁርአን ያቀሩት እሳቸው ናቸው። ስዋቡ ጠለቅ ሲል ሽማግሌው እጁን መታ አደረጉት፤ ከአፍንጫቸው ደም ጠብ ብሎ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ አረፈ።

«ያቀራሁህ ለዚህ ነው? አፍንጫዬን ልትበሳ?» አሉት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አፉ ይበሉኝ ሼህ። የታዘዝኩት ነው።»

«አስተማሪህን አድማው ብሎ ያዘዘህ ማነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰዲቅ እጅ ፈራ። መጀመሪያ ስዋቡን እስከ ግማሽ ብቻ ማስገባት ጀመረ። ቀጥሎ የአፍንጫውን በር ነካ አድርጎ መመለስ ሆነ። ሰዎቹ «ያንተስ ምንም አያምም» ብለው ሲመርቁት ደስ ይለው ነበር። ኅዳር ሲገባ አንዳንዱን ስዋብ ጭራሽ ሰው ሳያስነካ ብልቃጡ ውስጥ ከትቶ ይከድነው ጀመር። የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ግን አንድም ሳይጎድል ይጻፋል።

ከላብራቶሪው በየሳምንቱ የሚመጣው መልስ «ቫይረስ አልተገኘም» የሚል ነበር። ሰዲቅ ዜሮውን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ በገዛ እጁ ይሞላል። ማሾው ተለቅሞ አልቋል፤ የማሽላ አውድማው አቧራ አየሩን ሞልቶታል፤ ከደብረ ሲና አፋፍ የሚወርደው ነፋስ ቆላውን እንኳ ጋቢ ያስደርባል። መተላለፊያው በሕፃናት ሳል እየተናወጠ ሰንጠረዡ ዜሮ ይላል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማርታ ደወለች።

«ሰዲቅ፣ ያንተ ናሙናዎች ግራ አጋቡን። ማሽኑ ቫይረሱን ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ስዋቡ በትክክል ከተወሰደ የሰውየው የራሱ ሕዋስ ይገኝበታል። አንተ ከላክኸው ውስጥ ግን አብዛኛው የሰው ምልክት የለበትም። ምን ሆኖ ይመስልሃል?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሙቀቱ ይሆናል። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«የሚያመጣው ማነው?»

«ይልማ የሚባል ሾፌር ነው» አለ።

ይልማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብረው የተማሩ ጓደኛው ነው። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ በሚመላለሰው ሚኒባሱ በየረቡዑ ሳጥኑን ከመቀመጫው ሥር፣ ከጥላ አስቀምጦ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሰዲቅ «ጥፋቱ የይልማ ነው» አላለም። ስሙን ብቻ ነው የጠራው። ይህን ኋላ ለራሱ ስንት ጊዜ እንደ ማመካኛ እንዳቀረበው አላህ ይወቀው።

በሳምንቱ ሳጥኑ ለሌላ ሾፌር ተሰጠ፤ የሰዲቅ አወሳሰድ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ወሬው መናኸሪያ ደረሰ፤ ይልማ የሕክምና ዕቃ ፀሐይ ላይ እየጣለ ምሳ ይበላል ተባለ። በእሱ በኩል ለዘመድ መድኃኒት የሚልኩ ሰዎች መላኩን ተዉ። ይልማ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰዲቄ፣ አንተ ታውቀኛለህ። አንድ ቀን ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ጥዬ አይተኸኛል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ለኃላፊዎቹ ይህንኑ ንገርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግራቸዋለሁ» አለው ሰዲቅ። አልነገራቸውም። ማታ ሚስቱ ራቢዓ ራት ስታቀርብ «ይልማ ምን ሆኖ ነው ከቤታችን የጠፋው?» ብላ ብትጠይቀው፣ ጠግቤያለሁ ብሎ ተነሣ።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሂዳያ የምትባል ወጣት እናት የአራት ወር ልጇን ታቅፋ ሮጣ ገባች። ሕፃኗ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ ይሰረጉዳሉ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጤና ጣቢያው የነበረው አንድ የኦክስጅን መሣሪያ ብቻ ሲሆን ሌላ ሕፃን ላይ ተሰክቷል። ተጨማሪ መሣሪያዎች በወሩ መጀመሪያ ሲከፋፈሉ ቅድሚያ ያገኙት ቫይረሱ የታየባቸው ጣቢያዎች ነበሩ፤ እነሰዲቅ ዜሮ ስለነበሩ ታለፉ። ሕፃኗ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንድትወሰድ ተወሰነ፤ ሰዲቅ የአምቡላንሱን ኦክስጅን ፊቷ ላይ ይዞ አብሮ ሄደ።

ዳገቱን ሲያጋምሱ ሂዳያ ዝግ ብላ ተናገረች። «ጋሼ ሰዲቅ፣ ባለፈው ሳምንት አፍንጫዋን ነካ አድርገው መርምረዋት ነበር። ስደውል ደግሞ ምንም አልተገኘባትም አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ታዲያ ዛሬ ምን መጣባት?»

የወቀሳ ነገር በድምጿ የለም። ከልቧ ነው የምትጠይቀው፤ ያውቃል ብላ። ሰዲቅ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ዓይኑን ሕፃኗ ደረት ላይ ተክሎ እስትንፋሷን ሲቆጥር ደብረ ብርሃን ደረሱ።

ልጅቷ በስድስተኛው ቀን ድና ወጣች። ሰዲቅ ግን ያን አልጠበቀም። በደረሱበት ዕለት ከሆስፒታሉ ግቢ ግንብ ሥር ቆሞ ለማርታ ደወለ።

«ሙቀቱ አይደለም» አላት። «ይልማም አይደለም። እኔ ነኝ። በደንብ አልወሰድኩም። አንዳንዱን ጭራሽ ሰው አላስነካሁትም።»

ማርታ መዝገቧን ስትገልጥ ተሰማው።

«ስንቱን?»

«እኔም ለይቼ አላውቀውም።»

«የማታውቀውን ሁሉ ዘርዝረህ ላክልኝ፤ ከቅኝቱ አወጣዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አልመረመርንም ብንል ያምርብን ነበር ሰዲቅ። የለም ብለን ነው የጻፍነው።»

ከቁጣዋ ይልቅ «ብለን» ማለቷ አንገበገበው። ጥፋቱን ለራሷም አካፍላዋለች።

ሲመለስ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የናሙናው ሥራ ሊድያ ለምትባል ወጣት ነርስ ተላለፈ። ሊድያ ስትሠራ ሕፃናቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ግንባራቸውን የሚይዝላት እሱ ነው። ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እሷ ግን ሳትቸኩል እስከ ጥጉ ትደርሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከላከቻቸው አምስት ናሙናዎች በሦስቱ ቫይረስ ተገኘ።

ይልማን መናኸሪያ ሄዶ አገኘው። ሚኒባሱን ሲያጥብ ነበር። ሰዲቅ ያደረገውን እየተንተባተበ ነግሮት ጨረሰ፤ ይልማ ጨርቁን ጨምቆ መስተዋቱ ላይ አሰጣው።

«ስብሰባ ላይ ተናገርክ አሉኝ።»

«ተናግሬያለሁ። አንተ እንደሌለህበትም አስረድቻለሁ።»

«ደግ» አለ ይልማ። ባልዲውን አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ሄደ።

ሳጥኑ ተመልሶ ለይልማ ተሰጠ። ረቡዕ ጠዋት ሰዲቅ አሽጎ ይዞለት ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይልማ ሳጥኑን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ከመቀመጫው ሥር አስገባው፤ የርክክብ ወረቀቱንም ዘረጋለት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለው።

ሰዲቅ ፈረመ።